ማድ ቤትን ወደ ብርሃን ስለ ማውጣት

አዲስ አበባ ውስጥ ከአያት የወረደ፣ መቶ ዓመት የሞላው ወይም ሊሞላው የተቃረበ ቤት ያለው ቤተሰብ ጥቂት ገንዘብ ሲቋጥር በቅድሚያ ሊጠገን የሚገባው የሚያፈሰው ጣሪያ ቢሆንም፣ በተግባር በቅድሚያ የሚነሣው ማድ ቤቱን የማስፋትና ብርሃን የማስገባት ጉዳይ ነው። ለዚህ ቅደም ተከተል ምክንያት አይታጣለትም፤ ጣሪያው የሚያፈሰው በክረምት ብቻ ሲሆን ማድ ቤቱ የሚጨልመው ዓመቱን ሙሉ ነው፤ ከዚህም ሌላ ለሚያፈስ ጣሪያ ባልዲ ይደቀንለታል፣ ለጨለማ የሚደቀንለት ዕቃ ግን እስከ ዛሬ ገበያ ላይ አልዋለም። ይሁንና ጉዳዩ ሲታሰብ ቀላል፣ ሲጀመር አስቸጋሪ፣ ሲጠናቀቅ ደግሞ ከታሰበው ሌላ ነገር ሆኖ የሚገኝ በመሆኑ ከሥነ ሕንፃም ከኑሮም አንጻር ቀረብ ተብሎ ሊመረመር ይገባዋል።

እዚህ ላይ ጥንታዊ ቤት የሚባለው ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ጀምሮ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ ባሉት ሃምሳ ያህል ዓመታት መኳንንቱና ነጋዴዎቹ ያሠሩት ቤት ነው። በሥራው የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ባለሙያዎች ከአገሬው አናጢና ግንበኛ ጋር ስለ ተሳተፉበት፣ በእንጨት ጥልፍ ያጌጠ በረንዳ፣ ቁመታቸው ከወርዳቸው እጅግ የሚበልጥ መስኮቶች፣ ከመሬት ከፍ ያለ ወለልና የቆርቆሮ ክዳን የዚህ ዓይነቱ ቤት መታወቂያዎች ሆነዋል። ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ሀብተ ገብርኤል ቤትና ጉለሌ የሚገኘው የሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ቤት ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣው መካከል ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢዋ መልሰው ሲገነቡ በርካታ አሮጌ ቤቶች ከነማድ ቤታቸው ስለ ፈረሱ የቀሩት ይበልጥ ዓይን ውስጥ ገብተዋል። ይሁን እንጂ ስለ እነዚህ ቤቶች የሚጻፈው ጽሑፍም ሆነ የሚነሣው ፎቶግራፍ ከበረንዳው ጀምሮ በእልፍኙ በኩል አልፎ ደረጃው ላይ ያበቃል፤ ፎቶ አንሺው ወደ ጓሮ የሚዞረው ምሳ ሲጠራ ብቻ ነው።

ጓሮው ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ማድ ቤቱ አለ። ተነጥሎ የተሠራው በስሕተት አይደለም። ቆርቆሮ ሳይስፋፋ ክዳኑ ሁሉ ሣር በነበረበት ዘመን እሳትን ከመኝታ ማራቅ የህልውና ጉዳይ ነበር፤ የማገዶ ጭስ ከነጭ የአገር ልብስ ጋር አይስማማም፤ የቁሌት ሽታ፣ ማለትም ሽንኩርቱ ከበርበሬውና ከቅቤው ጋር ሲቁላላ የሚያወጣው ያ ማንንም የማያሳፍር ሽታ፣ ለጊዜው ቢያስጎመጅም በመጋረጃ ላይ ሲከርም ግን ሌላ ነገር ነው። በተጨማሪም ምግብ ከዓይን መሰወር አለበት የሚል እምነት ስለ ነበረ ሞሰቡ በጨርቅ ተሸፍኖ ወደ አዳራሹ ይሄዳል፣ የሚበላውም ሰው ይጋረድ ነበር፤ የማድ ቤቱ ጨለማ የዚህ መጋረጃ የመጀመሪያው እጥፋት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በቤተ መንግሥቱ ደግሞ ሥራው እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ ወጥ ቤት፣ እንጀራ ቤትና ጠጅ ቤት እየተባለ ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ኃላፊ ይሾምለት ነበር። እቴጌ ጣይቱ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ያዘጋጁትን ግብር ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዝርዝር መዝግበውታል፤ ይህን የመሰለ ክብር ለምግቡ እንጂ ለማብሰያው ክፍል በታሪክ መጻሕፍት እምብዛም አይሰጥም።

የተለመደው ማድ ቤት ጭቃ ቤት ነው፤ ማለትም መሬት ውስጥ በተተከሉ የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ላይ ማገር ተማግሮ፣ ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ የተመረገበት፣ አንድ በር ብቻ ያለው ክፍል ነው። መስኮት የለውም፤ ካለውም በጆንያ ተወትፏል። ጭሱ የሚወጣው በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ከተተወው ክፍተት ሲሆን፣ ለመውጣት የማይቸኩለው ጭስ በወራጆቹ ላይ ጥቀርሻ እየሆነ ይንጠለጠላል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ የከተማዋን የእንጨት ረሃብ ለማስታገስ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ቤቱንም የሠራ፣ ቤቱንም ያጠቆረ ዛፍ ለመሆን በቅቷል። ጥላሸት የለበሰ ግድግዳ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ አምስቱን እንኳ አይመልስም፤ በኖራ የተለቀለቀ ነጭ ግድግዳ ግን ሰማንያ ያህሉን ይመልሳል። በሌላ አነጋገር ብዙ ቤተሰቦች መስኮት የሚቆርጥ አናጢ ከመፈለጋቸው በፊት መጥረጊያና ኖራ ቢይዙ የጨለማው ግማሽ በአንድ ቅዳሜ ይወገድ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ሥራ ርካሽ በመሆኑ የሚያከብረው የለም።

ጥላሸት ግን ጠበቃ አያጣም። ጭስ የለመደ ወራጅ በተባይ ሲበላ እምብዛም አይታይም፤ ከምድጃው በላይ የሚሰቀለው የዘር በቆሎም ነቀዝ የማይደፍረው በዚሁ ጭስ ምክንያት ነው። ስለዚህ የቤቱ እማማ «ጭሱን ካስወጣችሁት ቤቱን ምን ሊያቆመው ነው?» ብለው ሲጠይቁ የሚሰነዝሩት የእርጅና ቅሬታ ብቻ አይደለም፤ ከፊል ሳይንስ አለው። ቀሪው ከፊል ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የማገዶ ጭስ ሳቢያ በዓመት 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ያለ ጊዜው እንደሚሞት ሲያስታውቅ ይወድቃል፤ ወራጁ እንዲቆም አብሳይዋ መሳል የለባትም።

ማስፋት ከመጀመሩ በፊት የሚሰፋው ነገር የማን እንደ ሆነ መታወቅ አለበት፤ ይህም ከግንበኝነት ይልቅ የሚያለፋ ሥራ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። በዚህ ክፍፍል ታላቁ ቤት ባለቤቱ ጋ ቢቀር እንኳ በጓሮው ያለው ሰርቪስ፣ ማለትም የሠራተኛና የዕቃ ክፍሎች ተርታ፣ ሌላ ነዋሪ የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ ከተርታው መካከል የጥንቱ ማድ ቤት ሲገኝ እርሱም የቤት ቁጥር ይለጠፍበትና ቤተሰብ ይገባበት ነበር። ቀድሞ ማድ ቤት የነበረው ቤት ራሱ ማድ ቤት ስላስፈለገው ከጀርባው በቆርቆሮ ሌላ ትንሽ ክፍል ተቀጠለ፤ ታላቁም ቤት ማድ ቤቱ ቁጥር ይዞ ስለ ሄደበት በበረንዳው ጥግ ሌላ ቀጠለ። የጋራ ማድ ቤት በደረሰባቸው ግቢዎች ደግሞ በአንዱ ጣሪያ ሥር እያንዳንዱ አባወራ የራሱ ምድጃ፣ የራሱ መደርደሪያና የራሱ ቁልፍ ነበረው፤ ብርሃን የማስገባቱ ጥያቄ ሲነሣም መስኮቱ በማን ምድጃ በኩል ይከፈት የሚለው ነጥብ ላይ ደርሶ ወደ ሌላ ስብሰባ ይተላለፍ ነበር።

ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ ሕግም አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የእድሳት ሥራ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ቬኒስ ላይ የጸደቀውና የዓለም የቅርስ ባለሙያዎች የሚመሩበት ቻርተር ደግሞ በአሮጌ ሕንፃ ላይ የሚጨመር ሥራ ከጥንቱ ተለይቶ እንዲታወቅ፣ የዘመኑንም አሻራ እንዲይዝ ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ በጓሮ ሥራ ብዙም አያስቸግርም፤ አዲሱ ክፍል በሁለተኛው ክረምት በራሱ ስንጥቅ ራሱን ያስታውቃልና። ይልቅስ ከባዱ ነገር ባለቤቱን ጓሮውም ቅርስ መሆኑን ማሳመን ነው። በረንዳው ላይ ምስማር ሲመታ የሚጮኸው ሰው ከጓሮ ያለውን ማድ ቤት በአንድ ማለዳ አስፈርሶ በብሎኬት ሲተካው ቅር አይለውም፤ እንግዳ የሚያየውን ብቻ ታሪክ ብሎ መቁጠር በቅርስ አያያዝ ረገድ ሥር የሰደደ ልማድ ነው።

ብርሃን ፈላጊው ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የሚደርስበት መፍትሔ ማድ ቤቱን እንዳለ ትቶ የዋናውን ቤት የኋላ በረንዳ በመስታወት በመዝጋት፣ በከተማው አነጋገር ኪችን የሚባለውን አዲስ ክፍል መሥራት ነው። ይህ ክፍል ሴራሚክ የለበሰ ወለል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቁም ሳጥን፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ ባለ አራት ዓይን ምድጃና ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው የተዘረጋ መስኮት አለው፤ ጠዋት ፀሐይ ሲገባበት ባለቤቱ ቆሞ ይመለከተዋል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምግብ አይሠራበትም። ሻይ ይፈላበታል፣ ወተት ይሞቅበታል፣ ፍሪጁ ይቆምበታል፣ እንግዳ ሲመጣም ይጎበኛል። ከምረቃው በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ሰው ደፍሮ ቁሌት ያቁላላበታል፤ ሽታው በመስታወቱ መታጠር ምክንያት ወደ ውጭ መሄዱን ትቶ በሳሎኑ ሶፋ፣ በመኝታ ቤቱ ብርድ ልብስና ለሰርግ በተሰቀለው ሱፍ ልብስ ላይ ካደረ በኋላ፣ ሽንኩርት ያለበት ነገር ሁሉ ወደ ማድ ቤት እንዲመለስ ያልተጻፈ አዋጅ ይወጣል። ሽንኩርት የሌለበት የአበሻ ምግብ ጥቂት ስለ ሆነ አዋጁ በተግባር ሁሉንም ምግብ ያጠቃልላል። ቀጥሎ ቡና መቁላት ይከተላል፣ ከዚያ ምጣዱ፤ ከዓመት በኋላ ሲታይ የኪችኑ ምድጃ የፋብሪካ ላስቲኩ እንኳ አልተነሣም። ቤቱ ስለዚህ ሁለት ማድ ቤት አለው፤ አንዱ ብርሃን አለው፣ ሌላው ሥራ አለው።

ይህ የሆነው ቤተሰቡ ሥልጣኔ ስላልገባው አይደለም፤ ክፍሉ ለሌላ ዓይነት ሥራ የተነደፈ ስለ ሆነ ነው። የዛሬው ኪችን አያቱ ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ እ.ኤ.አ. በ1926 ለፍራንክፈርት ከተማ አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች የነደፈችው፣ ወርዱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር የሆነው ክፍል ነው፤ 10,000 ያህል ተሠርቷል። ነዳፊዋ አንዲት ሴት ብቻዋን ስታበስል የምትሄደውን እርምጃ ሳይቀር አስልታ ሁሉን ነገር በእጅ ርቀት አስቀመጠች፤ ሐሳቡ ለፍራንክፈርት እጅግ ብልህ ነበር። በፋሲካ ዋዜማ አዲስ አበባ ውስጥ ዶሮ ወጥ የሚሠራው ግን ብቸኛ ሴት ሳትሆን ጉባኤ ነው። ሽንኩርት የሚከትፉ አሉ፣ ዶሮውን በሎሚና በጨው የሚያጥቡ አሉ፣ አሥራ ሁለት ብልት መሙላቱን የሚቆጥሩ አሉ፣ ድስቱን የምታማስለዋ አለች፣ ምንም ሳይሠሩ ግን እያንዳንዱን እርምጃ የሚያርሙ አንዲት እማማ አሉ፤ የእርሳቸው በርጩማ ከሁሉ ሰፊ ነው። ይህን ጉባኤ በስድስት ካሬ ሜትር ተኩል ውስጥ ማስቀመጥ የሚቻለው አጀንዳው አጭር ከሆነ ብቻ ሲሆን የዶሮ ወጥ አጀንዳ አጭር ሆኖ አያውቅም።

ከስፋቱ ይልቅ የሚበልጠው ልዩነት ግን የከፍታ ነው፤ ብርሃን በማስገባቱ ሥራ በብዛት የሚዘነጋውም ይኸው ነው። የኪችን ጠረጴዛ ከወለል ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ መስኮቱም ከጠረጴዛው በላይ ስለሚጀምር ቆሞ ለሚከትፍ ሰው ብርሃኑ በቀጥታ እጁ ላይ ይወድቃል። ማድ ቤት ግን የተቀማጮች ክፍል ነው። በበርጩማ ላይ የተቀመጠች ሴት ዓይኗ ከወለሉ አንድ ሜትር ያህል፣ እጆቿ ደግሞ ግማሽ ሜትር በማይሞላ ከፍታ ላይ ስለሚሆኑ፣ በአንድ ሜትር ላይ የሚጀምር መስኮት የሚያበራላት ማዶ ያለውን ግድግዳ ነው፤ ሽንኩርቱ፣ ቢላዋውና ጣቷ ከመስኮቱ በታች ባለው ጥላ ውስጥ ይቀራሉ። ብዙ ገንዘብ ፈስሶባቸው ሰፋፊ መስኮት የተከፈተላቸው ማድ ቤቶች ውስጥ አብሳዮቹ ዛሬም ወደ በሩ ተጠግተው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። በሩ እስከ ወለሉ የሚወርድ ብቸኛ መስኮት በመሆኑ በደጁ ላይ የሚቀመጥ ሰው የማዕረግ ቦታ ይዟል ማለት ነው፤ ማዕረጉንም በወገቡ ስፋት ልክ የኋለኞቹን ብርሃን በመጋረድ ያስከብራል።

ስለዚህ የማድ ቤት መስኮት ደፉ ከወለሉ ከ40 ወይም ከ50 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ለዚህ ሐሳብ ወዲያው የሚቀርበው ተቃውሞ ዶሮዎች ይገቡበታል የሚል ነው፤ ተቃውሞው ትክክል ስለ ሆነ በታችኛው ክፍል ወንፊት ሽቦ መምታት ያስፈልጋል። ሁለተኛው መንገድ ብርሃኑን ከላይ ማምጣት ሲሆን፣ ከቆርቆሮው አንዱን አንሥቶ በምትኩ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ክዳን መምታት በከተማው የተለመደ ነው። ሥራው በግማሽ ቀን ያልቃል፣ ውጤቱም ወዲያው ይታያል፣ በተለይ ሥራው ሲጠናቀቅ ሰማዩ ደመና ከሆነ። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ፣ ከባሕር ወለል በላይም ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች ፀሐይዋ ቀትር ላይ ከአናት ብዙም አትርቅም፤ ሚያዝያ 5 ቀን አካባቢና ነሐሴ 23 ቀን አካባቢ ደግሞ በትክክል አናት ላይ ትቆማለች። የነሐሴውን ደመና ይሸፍነዋል፤ የሚያዝያው ግን በፕላስቲኩ ሥር ምጣድ የምትጋግረዋን ሴት ከላይም ከታችም ያበስላታል። ያው ፕላስቲክ ጥቂት ዓመት ፀሐይ ሲበላው ይወይብና፣ ከውስጥ ደግሞ ጭሱ ሲያለብሰው ወደ ጥንቱ ጨለማ በክብር ይመለሳል።

የአውሮፓ መጻሕፍት ለሥራ ክፍል የሰሜን መስኮት ይመክራሉ፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ስለማያስገባ ብርሃኑ የረጋ ነው ይላሉ። ለእነርሱ እውነት ነው። እዚህ ግን ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ ከሰሜን በኩል ስለምትሆን የሰሜኑ መስኮትም ያለ ክፈፍ አይታመንም፤ ክፈፍ ማለት ከግድግዳው አልፎ የሚወጣው የጣሪያ ጠርዝ ሲሆን የጥንቱ በረንዳ ሠሪዎች ይህን ከሁሉ በፊት የተረዱ ይመስላሉ። ጥንት ጭስ እንዲወጣ ከጣሪያው ሥር የተተወው ያ ጠባብ ክፍተት ከሁሉ ይልቅ ተስፋ የሚጣልበት መሆኑ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ክፍተቱን ከፍ አድርጎ ጣሪያውን በግማሽ ሜትር ያህል ማንሣት፣ በተነሣውም ቦታ ቁመቱ አጭር፣ ርዝመቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሆነ መስኮት መሥራት ብርሃንን በክፈፉ ሥር አለዝቦ ያስገባል፣ ጭስንም በዚያው ያስወጣል፣ ጎረቤትም በዚያ ከፍታ ድስት ለመቁጠር መሰላል ያስፈልገዋል። ነገሩ አዲስ ፈጠራ ሳይሆን ቤቱ ራሱ ከመቶ ዓመት በፊት የጀመረውን ዓረፍተ ነገር መጨረስ ነው።

ጣሪያ ማንሣትም ሆነ ግድግዳ መክፈት ግን ከባለሙያ ጋር ያገናኛል። ከግንበኛው የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል «ችግር የለውም» የሚል ሲሆን ይህ ቃል ምርመራ ሳይደረግ የሚሰጥ ስለ ሆነ ለድፍረት እንጂ ለመረጃነት አይያዝም። በጭቃ ግድግዳ ውስጥ እያንዳንዱ ቋሚ የጣሪያውን ድርሻ ተሸክሞ ስለሚኖር፣ በር ለማስፋት ሁለቱን ቆርጦ ጉበን፣ ማለትም ከበር በላይ የሚጋደመውን ተሸካሚ እንጨት፣ ሳያስገባ የሚተው ሰው በማግስቱ ጣሪያው በትሕትና ወደ እርሱ አጎንብሶ ያገኘዋል። የከፋው ግን ሲሚንቶ ነው። የጭቃ ግድግዳ የሚስበውን እርጥበት መልሶ እየተነፈሰ የሚኖር ነገር ሲሆን በሲሚንቶ ልስን ሲለበጥ እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ጭቃውን ያላላል፣ የቋሚዎቹን እግር ያበሰብሳል፣ ልስኑም አንድ ቀን እንደ ደረቀ እንጀራ ሙሉውን ተገንጥሎ ይወርዳል። ጭቃ በጭድ፣ ላዩን በኖራ መመረግ ርካሽም ዘላቂም ነው፤ ሆኖም ለግንበኛው ጭቃ ድህነት፣ ሲሚንቶ እድገት ስለሚመስለው ክርክሩን የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው፤ ኋላ የሚላጠውን ግድግዳ የሚያየው ሌላ ሰው ነውና።

የቤተሰቡም ምክክር ከዚህ አይቀልም። በምክክሩ ላይ ሐሳቡ ጎልቶ የሚሰማው ሽንኩርት ከትፎ የማያውቀው ሰው ነው፤ እርሱ ስለ ቀለም ምርጫ ይናገራል። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድም ከላይ እስከ ታች ነጭ የሆነ፣ ጠረጴዛውም ነጭ ድንጋይ የሆነ ክፍል ፎቶ በስልክ ይልካል፤ ድንጋዩ እርድ ምን እንደ ሆነ ገና አላወቀም። አንደኛው አጎት አሮጌው ማድ ቤት ፈርሶ የሚከራይ ክፍል ቢሠራበት የሚያስገኘውን ገቢ በወር አባዝቶ ያሰላል። በመጨረሻ፣ ውሳኔው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ በጨለማው ውስጥ ዘመኗን የፈጀችው ሴት ምን እንደምትፈልግ ትጠየቃለች፤ መልሷም ውሃ እንዲቀርብላት፣ ፍሳሹ በደጅ መደፋቱ ቀርቶ በቱቦ እንዲሄድ፣ በሩ ሁለት ሰው እንዲያሳልፍ የሚል ሦስት ነገር ብቻ ነው። መልሱ አጭርና ርካሽ በመሆኑ ጉባኤው አጥጋቢ ሆኖ ስላላገኘው ወደ ቀለሙ ይመለሳል።

የጭስ ማውጫው ጉዳይ ሲታለፍ አይወድም። ሦስት ጉልቻ እሳቱን ለአራቱም ማዕዘን ስለሚያከፋፍል ከሙቀቱ ለድስቱ የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ዙሪያው ተዘግቶ የሚሠራው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ማገዶ ሲቀንስ ጭስም ይቀንሳል። ከምድጃው በላይ የሚተከለው ቱቦ ከጣሪያው ጫፍ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ሊያልፍ ይገባዋል፤ አለዚያ ነፋሱ የወጣውን ጭስ በመጣበት መንገድ ይመልሰዋል። ቱቦውን ያሳጠረ ባለቤት ከላይ የሚወጣውን ጭስ ለማየት ደጅ ወጥቶ ሲያንጋጥጥ፣ ጭሱ ከእርሱ ቀድሞ በበሩ ወጥቶ አጠገቡ ቆሞ ይገኛል።

በኤሌክትሪክ ምጣድ ጭሱን ጨርሶ ማስቀረት ይቻላል፤ ብዙ ቤተሰብም ማድ ቤቱ አንዴ ብርሃን ካገኘ በኋላ የሚሸጋገረው ወደዚያ ነው። ምጣዱ ስፋቱ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ስለሚጠጋ፣ አክንባሎው ሲከፈትና ሰፌዱ ሲዞር ደግሞ ሌላ ያን ያህል ቦታ ስለሚፈልግ፣ በኪችን ቁም ሳጥን ላይ ሳይሆን በሰፋው ማድ ቤት ውስጥ ቦታውን ያገኛል። ችግሩ ኃይሉ ነው። ምጣዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ በ220 ቮልት ከ14 እስከ 18 አምፔር ያህል ይፈልጋል፤ የጥንታዊ ቤት የመብራት ሽቦ ደግሞ ለጥቂት አምፖሎችና ለአንድ ሬድዮ ታስቦ የተዘረጋ በመሆኑ ምጣዱ ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ማቋረጫ ካልተሰጠው ቤቱን በሙሉ ያጨልማል። ለመስመሩ የሚሆነው ገንዘብ ግን በነጭ ቀለሙ ላይ አልቋል።

በዚህ ደረጃ ላይ ሌላ ያልታሰበ ነገር ይከተላል። ማድ ቤቱ ሰፍቶ፣ ነጭ ሆኖ፣ ጭሱ ወጥቶ ሲያበቃ ቡናው ወደዚያ ይዛወራል፤ ከቡናው ኋላ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን፣ አዛውንቱ ጋዜጣቸውን ይዘው ይገባሉ፤ ወጥ ቤት እግሩ ረግጦ የማያውቀው አባወራ ሳይቀር በርጩማ ይስብና ቴሌቪዥኑ እዚህ ቢሰቀል ምን ይመስላችኋል ይላል። ይሰቀላል። ምጣዱና ቴሌቪዥኑ በአንድ ያረጀ መስመር ላይ ስለሚሆኑም ሊጡ ሲፈስ ጨዋታው ይቋረጣል። ጉዳዩ በቅዳሜና በእሑድ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሰዓት ተደጋግሞ በመከሰቱ ቤተሰቡ እንደገና ተሰብስቦ፣ የመብራቱ ኃይል ከራት ሰዓት በኋላ እንደሚሻሻልም ግምት ውስጥ አስገብቶ፣ እንጀራ ማክሰኞ ማታ ብቻ እንዲጋገር በሙሉ ድምፅ ይወስናል፤ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ማክሰኞ ማታ እንደሚካሄድ የሚታወሰው ምጣዱ ግሎ የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን ማውጣት ከጀመረ በኋላ ነው።